መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ራሱ እንዲነሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የጻፍኩት ጎንደር ውስጥ በክሊኒክ፣ በፋርማሲ፣ በትምህርት ቤትና በሆቴል ሰርቨር ለሚጠብቁ ልጆች ነው። አብዛኞቹ ብቻቸውን ናቸው። ፕሪንተሩም የእነሱ ነው፣ ኔትወርኩም የእነሱ ነው፣ ሰርቨሩም የእነሱ ነው። ከአዘዞ ይደወላል፣ ከማራኪ ይደወላል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ “አዲስ የጫንኩት ሶፍትዌር መብራት ሄዶ ሲመጣ አይነሳም።”

እኔ አንድ ሶፍትዌር ተጫነ የምለው መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ሲነሳ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው አላለቀም። ስለዚህ እዚህ የምናወራው ስለ ሶፍትዌሩ ብቻ አይደለም፤ ከሶኬቱ ጀምሮ ነው።

ከዊንዶውስ ጥያቄው በስተቀር የምናወራው ስለ ሊኑክስ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። ኪቦርድ ላይ ሲገቡ በላቲን ፊደል ነው። ትእዛዞች በትንንሹ ይጻፋሉ።

ጫንኩት፣ ስታርት አልኩት፣ ሠራ። በማግስቱ ማሽኑ ሲነሳ ግን የለም። ምን ጎደለ?

ኢኔብል አላላችሁትም። ስታርት “አሁን ተነስ” ማለት ነው። ኢኔብል “ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ተነስ” ማለት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ስታርት ብቻ ካላችሁ ሪስታርት ሲደረግ ይረሳል። ኢኔብል ብቻ ካላችሁ ደግሞ እስከሚቀጥለው ሪስታርት ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱንም ባንድ መስመር ማለት ይቻላል፤ ለምሳሌ ኤንጂንኤክስ ለሚባለው የዌብ ሰርቨር (“ሱዶ” ማለት በአስተዳዳሪ ሥልጣን አድርግ ነው)፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል --ናው ኤንጂንኤክስ

ከዚያ “ሲስተምሲቲኤል ኢዝ-ኢኔብልድ ኤንጂንኤክስ” ብላችሁ ጠይቁት። “ኢኔብልድ” ካለ ጥሩ። “ዲሴብልድ” ካለ አልተመዘገበም። “ማስክድ” ካለ ሰው ሆን ብሎ ቆልፎታል ማለት ነው፤ መጀመሪያ “አንማስክ” ማለት አለባችሁ።

ስታተስ ስታዩ አረንጓዴዋ ነጥብ እንዳታታልላችሁ። እሷ አሁን እየሠራ መሆኑን ብቻ ነው የምትነግራችሁ። ከሥሯ “ሎድድ” የሚል መስመር አለ፤ እሱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። መጀመሪያ የፋይሉ መንገድ ይመጣል፣ ቀጥሎ “ዲሴብልድ” ይላል፣ ቀጥሎ “ፕሪሴት፦ ኢኔብልድ” ይላል። ብዙ ሰው ዓይኑ የመጨረሻዋ “ኢኔብልድ” ላይ ያርፍና ተረጋግቶ ይሄዳል። ያቺ የአከፋፋዩ ምክር ናት። የእናንተ ማሽን ያለበት ሁኔታ ከመንገዱ ቀጥሎ ያለችው መጀመሪያዋ ቃል ናት።

ኢኔብል ስል ማሽኑ ውስጥ ምን ይሆናል?

አንድ አቋራጭ ፋይል ይፈጠራል፣ በቃ። ቦታው /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም/መልቲ-ዩዘር.ታርጌት.ዋንትስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ አቋራጩ ወደ ሰርቪሱ፣ ማለትም ከጀርባ ሆኖ ወደሚሠራው ፕሮግራም፣ ፋይል ይጠቁማል። ማሽኑ ሲነሳ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚቆጣጠረው ፕሮግራም) ያን ፎልደር ያይና የተዘረዘሩትን ያስነሳል። ዲሴብል ስትሉ አቋራጩ ይሰረዛል። ይህን ካወቃችሁ ኤልኤስ ብላችሁ ፎልደሩን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት መመሪያ አፕዴት-አርሲ.ዲ ወይም ቼክኮንፊግ የሚል ከሆነ አሮጌ ነው። ሲስተምዲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን ሬድ ሃት በ7ኛው እትሙ በ2014፣ ዴቢያን 8 እና ኡቡንቱ 15.04 ደግሞ በ2015 ዋና አድርገውታል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር ዛሬ ባለው ማሽን ላይ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ግማሽ ሠርቶ ግራ ያጋባል። ባትከተሉት ይሻላል።

ኡቡንቱ ላይ ምንም ሳላደርግ ይነሳ ነበር። ሮኪ ሊኑክስ ላይ ግን አይነሳም። ለምን?

ልማዳቸው ስለሚለያይ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ሰርቪስ ያለው ፓኬጅ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ያስነሱታል፣ ኢኔብልም ያደርጉታል። የሬድ ሃት ቤተሰቦች፣ ማለትም ሮኪና አልማ፣ ይጭኑታል እንጂ አያስነሱትም፤ ባለቤቱ ይወስን ይላሉ። በእኔ እምነት የሬድ ሃቱ ይሻላል፤ ሳታስተካክሉት በር የሚከፍት ሰርቪስ ጥሩ አይደለም። ለማንኛውም የትኛውም ማሽን ላይ ብትሆኑ ኢዝ-ኢኔብልድ ብሎ መጠየቅ አይጎዳም።

በፓኬጅ ያልመጣ፣ ዚፕ ፈትቼ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጥኩት ፕሮግራም ነው። እሱን እንዴት ላድርገው?

የሰርቪስ ፋይል ራሳችሁ ትጽፉለታላችሁ። አስቸጋሪ አይደለም። ለምሳሌ አራዳ አካባቢ ያለ ፋርማሲ የመድኃኒት ስቶክ የሚይዝ ፕሮግራም አለው እንበል። /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም ውስጥ ስቶክ.ሰርቪስ ብላችሁ ይህን ትጽፋላችሁ፦

[ዩኒት]
ዲስክሪፕሽን=የፋርማሲ ስቶክ
ዋንትስ=ኔትወርክ-ኦንላይን.ታርጌት
አፍተር=ኔትወርክ-ኦንላይን.ታርጌት ፖስትግሬስኪውኤል.ሰርቪስ

[ሰርቪስ]
ዩዘር=ስቶክ
ወርኪንግዳይሬክተሪ=/ኦፕት/ስቶክ
ኤክሴክስታርት=/ኦፕት/ስቶክ/ስቶክ-ሰርቨር
ሪስታርት=ኦን-ፌይለር
ሪስታርትሴክ=10

[ኢንስቶል]
ዋንትድባይ=መልቲ-ዩዘር.ታርጌት

እዚህ ፋይል ውስጥ የቁልፎቹ አቢይና ንዑስ ፊደል ይለያል፤ ኤክሴክስታርት ሲጻፍ የመጀመሪያዋ “ኢ” እና የ“ስታርት” “ኤስ” አቢይ ናቸው። ከጨረሳችሁ በኋላ “ሲስተምሲቲኤል ዲመን-ሪሎድ” በሉ፣ ከዚያ ኢኔብል --ናው።

ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ክፍል ነው። [ኢንስቶል] ከሌለ ኢኔብል የሚመዘግብበት ቦታ ስለማያገኝ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይመለሳል። ዩዘር የሚለውን ደግሞ አትዝለሉት። እሱ ከሌለ ፕሮግራሙ በሩት ሥልጣን ነው የሚሮጠው፤ ለአንድ የስቶክ ፕሮግራም የማሽኑን ቁልፍ ሁሉ ማስረከብ አያስፈልግም።

በእጄ ሳስነሳው ይሠራል። ማሽኑ ራሱ ሲያስነሳው ግን ይወድቃል። ምን ዓይነት ነገር ነው?

ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። በእጅ ሲነሳ ከሠራ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ዙሪያው ነው። እናንተ ገብታችሁ ስታስነሱት ኔትወርኩ አለ፣ ዳታቤዙ ተነስቷል፣ ዲስኩ ተሰክቷል። ቡት ሲደረግ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ፣ ግን ሁሉም ባንድ ላይ ይሯሯጣሉ።

መጀመሪያ ሎጉን (ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) እዩ፤ ሳታዩ አትገምቱ፦

ጆርናልሲቲኤል -ዩ ስቶክ -ቢ

“-ቢ” ማለት ከአሁኑ ቡት ወዲህ ያለውን ብቻ አሳየኝ ነው። ያለፈውን ቡት ከፈለጋችሁ “-ቢ -1” ነው። ያለፈው የለም ካለ ማሽኑ ሎጉን ሚሞሪ ላይ ብቻ ነው የሚይዘው። /ቫር/ሎግ/ጆርናል የሚል ፎልደር ፍጠሩለት፣ ከሚቀጥለው ሪስታርት ጀምሮ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። መብራት ለሚቆራረጥበት ከተማ ይህን ሳልሠራ የምተወው ማሽን የለም።

ሎጉ “አድራሻውን መያዝ አልቻልኩም” የሚል ነገር ካሳያችሁ ኔትወርኩን ቀድሞታል ማለት ነው። እኛ ጋ መብራት ሲመጣ ሰርቨሩም ስዊቹም ሮውተሩም እኩል ነው የሚበሩት። አዲስ ሰርቨር በኤስኤስዲ ቶሎ ይነሳል፤ ሮውተሩ አይፒ ማደል ሳይጀምር ፕሮግራሙ ተነስቶ አድራሻ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይወድቃል። አፍተር=ኔትወርክ.ታርጌት የሚለው አይበቃም፤ እሱ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ተነሳ ማለት ብቻ ነው፣ አድራሻ ተገኘ ማለት አይደለም። ከላይ እንዳለው ኔትወርክ-ኦንላይን.ታርጌት በሉ፤ ዋንትስም አፍተርም ላይ ይግባ። አፍተር ቅደም ተከተል ብቻ ነው፣ ጎትቶ አያስነሳም። ለሰርቨሩ ቋሚ አይፒ መስጠት ደግሞ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ቀጥሎ ዳታቤዙ ነው። የጤና ተቋማት የሚጠቀሙበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ቶምካት በሚባል የጃቫ ዌብ ሰርቨር ላይ ነው የሚሮጠው፣ ዳታውን ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል። ቶምካት ቀድሞ ከተነሳ ዳታቤዝ አያገኝም። ቶምካቱ “ሠራሁ” ይላል፣ ውስጡ ያለው አፕሊኬሽን ግን ሞቷል፤ ስታተስ አረንጓዴ ሆኖ ገጹ አይከፈትም። አፍተር ላይ ፖስትግሬስን መጨመር ያስተካክለዋል።

መብራት በድንገት ከሄደ ሌላም አለ። ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ የሚባሉት ዳታቤዞች ሲነሱ ያልተጠናቀቀውን ሥራ ከሎጋቸው አንብበው ያስተካክላሉ፤ ዳታው ትልቅ ከሆነ ይቆያል። ሲስተምዲ ደግሞ በነባሪው አንድ ሰርቪስ በ90 ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳ ያቋርጠዋል። “ሲስተምሲቲኤል ኢዲት” ብላችሁ ታይምአውትስታርትሴክ የሚለውን ከፍ አድርጉት። ዳታቤዝ እያገገመ ሳለ ደጋግሞ ሪስታርት ማድረግ ቁስሉን መነካካት ነው። ታገሱት።

ሦስተኛው የፕሮግራሙ አካባቢ ነው። እናንተ ሎግኢን ስታደርጉ .ባሽአርሲ ይነበባል፣ ጃቫ ያለበት ቦታ ይታወቃል። ሰርቪስ ግን ያን ፋይል አያነብም። “በእጄ ይሠራል” የሚባለው ሁሉ እኩሌታው ይህ ነው። የሚያስፈልገውን እሴት [ሰርቪስ] ክፍል ውስጥ ኢንቫይሮንመንት= ብላችሁ ስጡት፣ መንገዶችንም ከመጀመሪያው ስላሽ ጀምራችሁ ሙሉ ጻፉ።

አራተኛው በዩኤስቢ የተሰካ ዲስክ ነው። ዳታው እዚያ ላይ ካለ [ዩኒት] ውስጥ ሪኳየርስማውንትስፎር= ብላችሁ ፎልደሩን ስጡት። የመጠባበቂያ ዲስክ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዲስኮች በሚመዘገቡበት /ኢቲሲ/ኤፍስታብ ፋይል ላይ ኖፌይል ጨምሩ። ያለዚያ አንድ ሰው ዲስኩን ነቅሎ በሄደ ቀን ማሽኑ 90 ሰከንድ ይጠብቅና ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል፤ ከርቀት የምትገቡበት ኤስኤስኤችም አይሠራ፣ ምንም አይሠራ። ስክሪንና ኪቦርድ ይዞ መሄድ ነው።

ሪስታርት=ኦን-ፌይለር ብዬው ነበር። ግን ሞክሮ ተወው።

ሪስታርትሴክን አልጻፋችሁም። ሲስተምዲ በነባሪው በ100 ሚሊሰከንድ ውስጥ ነው መልሶ የሚያስነሳው፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሳ ደግሞ በቃኝ ይላል። ማለት አምስቱንም ሙከራ ሮውተሩ ገና መብራቱን ሳያበራ ይጨርሰዋል። 10 ሰከንድ ካላችሁት ገደቡን አይነካም፣ እስኪሳካለት ይሞክራል።

ፖስትግሬስ “አክቲቭ፣ ኤክሲትድ” ይላል። ሞቷል?

አልሞተም። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፖስትግሬስኪውኤል.ሰርቪስ መሰብሰቢያ ብቻ ነው። እውነተኛው ከሥሩ ያለው ነው፤ ስሙ ፖስትግሬስኪውኤል@14-ሜይን ዓይነት ነው፣ ቁጥሩ እንደ እትሙ ይለያያል። የእሱን ስታተስ እዩ።

ሶፍትዌሩ ሁሉ ኢኔብልድ ነው። ማሽኑ ራሱ ግን መብራት ሲመጣ አይበራም።

ይህ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት በሚሠራው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ፣ ነው ያለው፤ ሲስተምዲ እዚህ አይደርስም። ማሽኑ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ግቡና የኃይል ክፍሉን ፈልጉ። ስሙ እንደ አምራቹ ነው፦ ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ፣ ኤሲ ባክ፣ አፍተር ፓወር ፌይለር። ብዙ ጊዜ ሦስት ምርጫ አለው፤ ጠፍቶ ይቆይ፣ ወደነበረበት ይመለስ፣ ይብራ። “ይብራ” የሚለውን ምረጡ። “ወደነበረበት ይመለስ” ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን መብራት ከመሄዱ በፊት ማሽኑ በሥርዓት ከጠፋ የነበረበት ሁኔታ “ጠፍቶ” ስለሆነ ጠፍቶ ይቀራል።

እዚያው ሳላችሁ ኪቦርድ ካልተሰካ ቆሞ ኤፍ1 ተጫኑ የሚለውን አጥፉት። ጥግ ላይ ያለ ስክሪን የሌለው ማሽን ማንም የማያየው ጽሑፍ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሊቆም ይችላል። ዲስኩ ኢንክሪፕት ተደርጎ ቡት ላይ ፓስወርድ የሚጠይቅ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ ወደሚያቆየው መሣሪያ፣ እንምጣ፤ ይህን በደንብ አንብቡልኝ። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ከተገናኘ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኤንዩቲ የሚባለው ሶፍትዌር ሰርቨሩን በሥርዓት ያጠፋዋል። ጥሩ ነው። ግን ሰርቨሩ ከጠፋ በኋላ ዩፒኤሱ ገና ጥቂት ባትሪ ስላለው ለሶኬቱ ኃይል መስጠቱን አያቆምም። በዚህ መሃል መብራት ቢመጣስ? ሰርቨሩ እንደ እሱ ከሆነ መብራት ሄዶበት አያውቅም። ያልሄደ መብራት ሊመጣ አይችልም፣ ስለዚህ የባዮሱ ማስተካከያ አይነቃም። ጠዋት ሰው ሲገባ መብራቱ አለ፣ ዩፒኤሱ አለ፣ ሰርቨሩ ብቻ ጠፍቷል። መፍትሔው ኤንዩቲ በመዝጊያው መጨረሻ ላይ ዩፒኤሱን “አሁን ውጪህን ቁረጥ” እንዲለው ማድረግ ነው፤ ዩፒኤሱ መብራት ሲመለስ ራሱ እንደገና ይሰጣል። ዩፒኤስ ስትገዙ የዩኤስቢ ወደብ ያለውን፣ ይህንንም ትእዛዝ የሚቀበለውን ምረጡ። ወደብ የሌለው ከሆነ ሰርቨሩ ባትሪው ሲያልቅ በድንገት ነው የሚጠፋው።

ላፕቶፕን ሰርቨር ያደረጋችሁም አላችሁ። ባትሪው ዩፒኤስ ይሆናል፣ ያ ጥሩ ጎኑ ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ ግን ባትሪው ካለቀ በኋላ ቻርጀሩ ኃይል ቢያገኝም ራሱ አይበራም። ለፈተና ማለማመጃ ይሆናል፤ ሰው ለሚጠብቅበት አገልግሎት አልመክረውም።

መብራት ከመጣ በኋላ ሁሉ ተነስቷል፤ ነገር ግን ዌብሳይቶች “ሰርቲፊኬቱ ልክ አይደለም” ይላሉ።

ቀኑን እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ካለቀች ኃይል በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ደረሰኝም በተሳሳተ ቀን ይወጣል። ባትሪዋ ትንሽ ናት፣ ቀይሯት። ራዝበሪ ፓይ ደግሞ ከ5ኛው በፊት ያሉት ሰዓት የሚይዝ ክፍል የላቸውም፤ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እስኪያገኙ መጠበቅ አለባቸው።

የእኔ ዊንዶውስ ነው። ዛምፕ ጭኛለሁ።

ዛምፕ አፓቼ የሚባለውን ዌብ ሰርቨርና ማይኤስኪውኤልን ባንድ ላይ የሚጭን ጥቅል ነው። መቆጣጠሪያውን በአስተዳዳሪነት ክፈቱት። ከአፓቼና ከማይኤስኪውኤል በስተግራ ቀይ ምልክት አለ፤ እሱን ስትጫኑ እንደ ሰርቪስ ይመዘግበውና አረንጓዴ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ማንም ሎግኢን ሳያደርግ ይነሳል። ስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ አቋራጭ ማስቀመጥ ግን ሰው ፓስወርድ እስኪያስገባ ይጠብቃል፤ ለሰርቨር አይሆንም።

ለሌሎቹ ሰርቪሶች ሰርቪስስ.ኤምኤስሲን ከፍታችሁ የአነሳሱን ዓይነት “አውቶማቲክ” አድርጉት። ኔትወርክ ወይም ዳታቤዝ የሚጠብቅ ከሆነ “አውቶማቲክ፣ ዲሌይድ ስታርት” የሚለው ይሻላል፤ ሌሎቹ ከተነሱ ወደ 2 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይነሳል። ሪከቨሪ በሚለው ትር ሥር ደግሞ ሲወድቅ መልሶ እንዲያስነሳው ንገሩት። በተጨማሪ ዛምፕ ለመማሪያና ለሙከራ የተሠራ መሆኑን ልብ በሉ፤ ለደንበኛ አገልግሎት እንዳለ አታውሉት።

ዶከር ውስጥ ያለውስ?

ሁለት ነገር ነው። ዶከር፣ ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ኮንቴነር (የተለየ ክፍል) ውስጥ የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ ራሱ ኢኔብልድ ይሁን፤ ኮንቴነሩ ደግሞ ሪስታርት ፖሊሲ ይኑረው። ለተነሳ ኮንቴነር “ዶከር አፕዴት --ሪስታርት አንለስ-ስቶፕድ” ብላችሁ ስሙን ጨምሩ። እናንተ በእጃችሁ ካላቆማችሁት በስተቀር ሁሌም ይመለሳል።

ክሮንታብ ላይ @ሪቡት ብጽፍ አይቀልም?

ክሮንታብ ትእዛዞችን በተወሰነ ጊዜ የሚያስኬድ ዝርዝር ነው፤ @ሪቡት ማለት “ማሽኑ ሲነሳ” ነው። ይቀላል፤ ያስነሳዋል። ከወደቀ ግን መልሶ አያነሳውም፣ ዳታቤዙን አይጠብቅም፣ ስታተስም የለውም። አንድ ጊዜ ሠርቶ ለሚያበቃ ስክሪፕት ይሁን። ሰው ለሚገለገልበት ነገር ከላይ ያለውን ፋይል ጻፉ።

መነሳቱን እንዴት ልፈትን?

በደረጃ ነው። መጀመሪያ ሪቡት አድርጉና እጃችሁን ሰብስቡ፤ ሎግኢን አታድርጉ። ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከስልክ ገጹን ክፈቱ። ከተከፈተ ግቡና “ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ” በሉ፤ ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለበት።

ከዚያ እውነተኛው ፈተና። ባክአፕ ውሰዱ፣ ባክአፑ እንደሚከፈትም አረጋግጡ። ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት ሰርቨሩን፣ ስዊቹንና ሮውተሩን ባንድ ላይ ከሚመግበው ብሬከር አጥፏቸው። ለየብቻ ካጠፋችኋቸው ፈተናው የከተማውን አይመስልም፤ ሮውተሩ በርቶ ሰርቨሩን ብቻ ማስነሳት ሁሌም ይሳካል። ዩፒኤስ ካለ ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቁ፤ አንዴ ደግሞ ሰርቨሩ እንደጠፋ ወዲያው መብራቱን መልሱ፣ ያ ከላይ ያልኳችሁ ወጥመድ የሚታየው ያኔ ነው። ባለቤቱን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ሆቴል የምትሠሩ ደግሞ ይህን ሁሉ ከገና በፊት ጨርሱት። ጥር 10 ከተራ ነው፣ 11 ጥምቀት ነው፤ ከተማው እንግዳ ሞልቶት አልጋ በሚጠፋበት ሳምንት አዲስ ሶፍትዌር አይጫንም።

እንዲነሳ የማልፈልገውስ?

ዲሴብል በሉት። አፓቼና ኤንጂንኤክስ ባንድ ማሽን ላይ ካሉ ሁለቱም ፖርት 80ን፣ የዌብ ገጽ መግቢያ በሩን፣ ይፈልጋሉ፤ ቡት ላይ ቀድሞ የደረሰው ይይዘዋል፣ ሌላው ይወድቃል። የማትጠቀሙበትን ዝጉት። ሌላ ሰርቪስ እየጎተተ የሚያስነሳባችሁ ከሆነ ማስክ አድርጉት፤ ያኔ በእጅም አይነሳም። ማስክ ማድረጋችሁን ግን ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ጽፋችሁ ተዉለት።